ቀሪ የሌለው ቁጥር

የወባ መድኃኒት ረጪዎቹ ረፋዱ ላይ መጡ። ፓምፕ ያዘሉ፣ አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑ ወጣቶች ናቸው። አንደኛዋ ልጅ፣ "አባባ፣ ዕቃው ሁሉ ይውጣ፤ የሚበላ ነገር ካለ ይሸፈን" አለችኝ። ያለሁት ባቱ፣ እህቴ አስካለ ቤት ነው። የባለቤቷን የገመቹን ሙት ዓመት ለማሰብ ከአዳማ መጥቼ፣ ዘመድ አዝማዱ ሲበተን እኔ ትንሽ ልሰንብት ብዬ ቀረሁ። ሶፋውን፣ ፍራሹን፣ ቴሌቪዥኑን እያወጣን ፓፓያው ሥር ደረደርነውና አስካለን ነጠላዋን እንደተከናነበች ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ልጆቹ ገብተው ግድግዳውን መርጨት ሲጀምሩ ያ ሽታ ወጣ። የዱሮው ዲዲቲ እንዳልሆነ ነግረውኛል፣ ሌላ መድኃኒት ነው አሉ። ለእኔ አፍንጫ ግን ያው ነው፤ እርጥብ ኖራና ላምባ ተቀላቅሎ የሚሸት፣ ምላስ ላይ የሚቀር ነገር። እህቴ ቀና ብላ አየችኝና፣ "ናዝሬት ሸተተህ አይደል?" አለችኝ። እኔም እሱኑ እያሰብኩ ነበር።

ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። አዳማ የሚሏት ከገጠር የሚመጡት ነበሩ፤ ዛሬ እኔ አፌን ስቶኝ ናዝሬት ስል የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ አንድ በረንዳ ተከራይቼ፣ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ዘርግቼ ልብስ እሰፋ ነበር። ያ ዘመን የቤልቦተም ዘመን ነው። የሱሪው እግር በሰፋ ቁጥር የልጁ ኩራት ይሰፋ ነበርና፣ "ጌቾ፣ ጫማዬ እንዳይታይ አድርገህ" የሚለኝ ጎረምሳ ብዛቱ። ተረሊን ጨርቅ የለበሰ ሰው ሲቀመጥ ተኩሱ እንዳይበላሽ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ ይስብ ነበር፤ ዛሬ እንደዚያ የሚቀመጥ አላይም። ሱሪ በሦስት ብር ይሰፋል፣ ፓስታ በስጎ በሽልንግ ይበላል፤ ከምሳ በኋላ ከወንጂ በኩል የሚነሳው ነፋስ ደግሞ አቧራውን ያመጣና ሁሉንም በነጻ ያለብሳል። ከበረንዳዬ ፊት ለፊት ሙዚቃ ቤት ነበር። ባለቤቱ የወደደው ሸክላ ካለ ቀኑን ሙሉ እሱኑ ብቻ ያስጮህ ነበርና፣ ዘፈኑን ሳልወደው በእግሬ መኪናዬን የምመታው በእሱ ምት ሆኖ ቀረ። ጋሪዎቹ ያልፋሉ፣ ባቡሩ ያፏጫል፣ የፓፓያ ሻጮቹ ፓፓያውን ለሁለት ከፍለው ፀሐይ ላይ ያሳያሉ። አሁን በዚያ ቦታ ላይ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። አልፌው ስሄድ አሳንሰሩ የቆመበት የእኔ መኪና የቆመችበት መሆኑን ለጥበቃው ነግሬው፣ "እሺ አባባ" ብሎኝ ያውቃል።

አስካለ ታላቄ ናት። ከእኔ በረንዳ ትንሽ ወረድ ብሎ በነበረ የአረብ ጨርቅ መደብር ትሠራ ነበር። ጉርድ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን አፍሮ አበጥራ፣ የእንጨት ሜትሯን እንደ ጦር ይዛ ትቆማለች። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ነው የተወችው። ስንት ሜትር፣ ስንት ብር የሚለውን ታውቃለች፤ ከዚያ ያለፈ ቁጥር አትወድም። "ቁጥር የሚወድ ሰው ሆዱ አይታወቅም" ትል ነበር። እንግዲህ ዕጣ ሲያመጣው የሒሳብ አስተማሪ ወደደች።

ገመቹ የአርሲ ነገሌ ልጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ሒሳብ ሊያስተምር ተመድቦ መጣና ግቢያችን ውስጥ ያለችውን የጓሮ ክፍል ተከራየ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የቡናማ ኮቱ እጅጌ በጠመኔ የነጣ። ያን እጅጌ እኔ ነኝ ገልብጬ የሰፋሁለት። ጠዋት ሲወጣ እናታችንን ሰላም ሳይል አያልፍም፤ "አካም ቡልተን፣ እማማ ጥሩወርቅ?" ይላታል። እናቴ ከሸዋ ስትመጣ አንድ ቃል ኦሮምኛ አታውቅም ነበር፤ ለእሱ ስትል "ነጋ፣ ነጋ ልጄ" ማለት ለመደች። ሽማግሌ ልኮ፣ እናቴም ትንሽ አንገራግራ እሺ ብላ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆርጦ ነበር። የሙሽራ ቀሚሷን ጨርቅ እንኳ ገዝቼ አስቀምጬ ነበር፤ ነጭ ሳቲን።

በዚያ መሀል የአጎታችን ልጅ ዝዋይ ላይ አገባ። ዛሬ ባቱ የምንላት ማለት ነው። አስካለና እናቴ ሄደው ሐይቁ ዳር በተተከለ ዳስ ሰነበቱ። ዓሣው፣ ዘፈኑ፣ የሐይቁ ነፋስ ደስ ብሏት እንደነበር ነግራኛለች። ወባውን ያመጣችው ከዚያ ነው። ናዝሬት ገብታ ብዙም ሳትቆይ ተንቀጠቀጠች፣ ቀጥሎ ነደደች፣ ቀጥሎ ሰው መለየት አቃታት። ጤና ጣቢያ ወስደን መርፌ ወጓት፤ "ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል፤ ጸሎት አድርጉ" አሉን። የጤና ሰዎች መጥተው ቤቱን በዲዲቲ ረጩት። የጭቃው ግድግዳ ነጭ ዱቄት ለበሰ፤ እሷ በዚያ ነጭ ክፍል ውስጥ ዐይኗን ጨፍና ተኛች።

ትኩሳቱ የለቀቃት በቀትር ነው። እናቴ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ትዳስሳለች፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ዐይኗን ገለጠችና በጣም በጠራ ድምፅ፣ ልክ ደንበኛ ፊት ጨርቅ እንደምትለካ፣ "ሦስት፣ ስምንት፣ አንድ፣ ስድስት፣ አምስት፣ አራት፣ ሰባት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ ዜሮ" አለች። እናቴ እልል አለች፤ ልጇ ስለተናገረች እንጂ ምን እንደተናገረች አልሰማችም። አስካለ ውሃ ጠጣች፣ ስማችንን ጠራች፣ ስለ ሱቋ ጠየቀች። ደህና ናት አልን። ከሰዓት በኋላ ግን ያንኑ ደገመችው። በማግሥቱም እንደዚሁ። ምስር እየለቀመች፣ ጸጉሯን እየተሠራች፣ ሰው እያጫወታት እያለ በመሀል ቆም ትልና ያንኑ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ አንዲት ሳታዛንፍ ትለዋለች። ምን አልሽ ስንላት፣ "ምን አልኩ?" ትላለች።

ገመቹ መጀመሪያ አልወደደውም። "ትኩሳት ነው፣ ይለቃታል" ይል ነበር። በኋላ ግን አስተማሪ ነውና ሳያስበው ጠመኔውን አወጣና በግቢያችን የቆርቆሮ በር ላይ ጻፈው። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ በሩ ከላይ እስከ ታች በማካፈል ስሌት ተሞልቶ አገኘሁት። ገመቹ ፊቱ ልክ አልነበረም።

"ጌቾ፣ ና እስቲ እይ" አለኝ። "የመጀመሪያውን ብቻ ውሰድ፣ ሦስት። ለአንድ ይካፈላል፤ እሱ ምንም አይደለም። ሁለቱን ውሰድ፣ ሠላሳ ስምንት። ለሁለት ይካፈላል። ሦስቱን ውሰድ፣ ሦስት መቶ ሰማንያ አንድ። ለሦስት ብታካፍለው መቶ ሃያ ሰባት ነው፣ ቀሪ የለውም። አራቱን ለአራት፣ አምስቱን ለአምስት፣ ስድስቱን ለስድስት። ሰባተኛው ላይ ይሰናከላል ብዬ ነበር፤ ሰባት ለማንም የማይመች ቁጥር ነው። እሱም ገባ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር፤ ሁሉም ገባ። አንዲት ቀሪ የለም።"

"ታዲያ ምን ይሁን?" አልኩት። እኔ ሒሳብ የማውቀው እስከ ሱሪ ወገብ ድረስ ነው።

"አልገባህም። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያለው አሃዝ ሁሉ አለበት፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ። እነዚህን አሃዞች ከሦስት ሚሊዮን በላይ በሆነ መንገድ መደርደር ይቻላል። እንደዚህ የሚሆነው ስንቱ ነው ብዬ ስፈልግ ሰነበትኩ። አስረኛው ዜሮ ካልሆነ አይሆንም፤ አምስተኛው አምስት ካልሆነ አይሆንም፤ የቀሩት ኢተጋማሽና ተጋማሽ እየተፈራረቁ መቆም አለባቸው። እያጣራሁ እያጣራሁ መጣሁና አንድ ብቻ ቀረ። ይሄ።" ጠመኔውን በሩ ላይ አሳረፈ። "ሦስት ቢሊዮን ከስምንት መቶ አስራ ስድስት ሚሊዮን ከአምስት መቶ አርባ ሰባት ሺህ ከሁለት መቶ ዘጠና። በዓለም ላይ ሌላ የለም። እሷ ደግሞ አራተኛ ክፍል ነው ያቆመችው።"

እናቴ ከኋላችን ቆማ ትሰማ ነበር። "ልጄ ማካፈል አትችልም" አለች በቀስታ። "ማን ነው የነገራት?"

የዚያን ዕለት ፀሐይ ነበር፣ ሰዎች በመንገዱ እየተሳሳቁ ያልፉ ነበር፣ ከሙዚቃ ቤቱ ያው ዘፈን ይሰማ ነበር። እኔ ግን ቆርቆሮው ላይ ያለውን ነጭ ጽሕፈት እያየሁ ጀርባዬን በረደኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሙቀቷን ስረግም የኖርኩባት ከተማ ውስጥ በረደኝ።

ጠበል ወሰድናት። ሰባት ቀን ተጠመቀች፤ እያጠመቋት "ሦስት፣ ስምንት፣ አንድ" እያለች። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም፣ ምንም አልለቀቀም። ካህኑ፣ "ይሄ የክፉ ነገር አነጋገር አይደለም። መንገድ እንደሚሄድ ሰው ነው የምትናገረው" ብለው መለሱን። ያ አነጋገራቸው ከእናቴ ሆድ ሳይወጣ ኖረ።

በዚህ መሀል ገመቹ ሌላ ሐሳብ መጣበት። ቁጥሩ አስረኛው ላይ ለምን ይቆማል? አስራ አንደኛ አሃዝ ቢጨመርበት፣ ለአስራ አንድ የሚካፈል ይገኝለት ይሆን? ቁጭ ብሎ ሠራው። ስድስት መጣለት። ስድስትን የሚተካ ሌላ የለም። ያገኘውን ሊነግረኝ ከጓሮ ሲመጣ፣ እኔና አስካለ የግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር፤ እሷ የሸሚዝ ቁልፍ ትይዝልኛለች። አፉን ሳይከፍት ቀና ብላ አየችውና እንደ ሁልጊዜው ጀመረች። ዘጠኝ፣ ዜሮ ደረሰች። ከዚያ ቆም አለች፤ ሌላ ጊዜ ወዲያው ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር። ከዚያ፣ "ስድስት" አለች።

ገመቹ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህሉን ተወችው ማለት ይቻላል። አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ እጇን ትታጠባለች። ሱቅ መሄድ ቀረ። አረቡ ራሱ ሊጠይቃት መጥቶ፣ የሚያምር አበባ ያለበት ጨርቅ አምጥቶላት፣ እሷ ግን ጨርቁን እንደማታውቀው ነገር አየችው። ገመቹ አጠገቧ ይቀመጥና እጇን ይዞ ያዋራታል። አንድ ከሰዓት፣ "አስኩ፣ ቁጥሩን ስትይ የት ነው ያለሽው?" ብሎ ጠየቃት። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የመለሰችው። የመለሰችውም ስለ ጎረቤት ቤት እንደሚያወሩ ሆና ነው።

"ሐይቁ ዳር ነው" አለች። "ቤቶች አሉ፤ በሰልፍ የተሠሩ። የመጀመሪያው ቤት አንድ ሰው ነው ያለው። ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው ሦስት። ስገባ የያዝኩትን ይቀበሉኝና ይካፈሉታል። ለሁሉም እኩል ከደረሰ፣ ምንም ካልተረፈ፣ በጓሮ በኩል ያሳልፉኛል። ከዚያ ወደሚቀጥለው።"

"ሰዎቹ ምን ይሉሻል?"

"አይናገሩም። ያካፍላሉ ብቻ።"

"የምታውቂው ሰው አለ?" አልኳት እኔ። ለምን እንደጠየቅኳት አላውቅም።

"አስራ አንደኛው ቤት አባባ ነበር። አዲስ ኮት ለብሷል፣ ግራጫ። አላናገረኝም፤ ግን ሲያካፍሉ ጎንበስ ሲል ኮቱ ተከፈተና የውስጥ ኪሱን አየሁት። ቁልፉ ቡናማ ነው።"

አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ያን ግራጫ ኮት የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ጨርሼ ሳልሰጠው ነው የሞተው፤ አንድም ቀን አልለበሰውም። አዳሚ ቱሉ ላለ ዘመዳችን ሰጠሁት። ኮቱን ስጨርስ ግራጫ ቁልፍ አልቆብኝ፣ ውስጥ ኪስ ነው ማን ያየዋል ብዬ አንድ ቡናማ ቁልፍ ተክዬ ነበር። ከቤታችን ሰው ያን የሚያውቅ አልነበረም። ለገመቹ በኋላ ነገርኩት። ለእናቴ እስክትሞት አልነገርኳትም።

አስራ ሁለተኛው አሃዝ ዜሮ ሆነ። ገመቹ አስቀድሞ ሠርቶታል፤ ከዜሮ በቀር የሚሆን አልነበረም። እሷም ዜሮ አለች። ከዚያ በኋላ መተኛት ተወች። ስንገባ ዐይኗ ተከፍቶ፣ ነጩን ግድግዳ እያየች ነው የምናገኛት። አስራ ሦስተኛው ስምንት ነው። ያንን ያለች ጠዋት እጇን ስይዘው ከጉድጓድ የወጣ ውሃ ይመስል ቀዝቅዟል። ትተነፍሳለች፤ ብንጠራት ግን አትመልስም። እናቴ ወደ ቤተክርስቲያን ሄደች፣ ጎረቤት መሰብሰብ ጀመረ፣ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ። ሰው ሳይሞት እንደዚያ ሲወራ ምን እንደሚሸት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ገመቹን ፍለጋ ወደ ጓሮ ክፍሉ ስሄድ በሩ ላይ ተጋጨን። አንድ ሌላ አስተማሪ ጓደኛው አብሮት ነበር፤ ስሌቱን እንዲያይለት ጠርቶት ኖሮ። ገመቹ እንባው በጠመኔው ላይ ወርዶ ፊቱ የቀለጠ ኖራ መስሏል።

"አስራ አራተኛው የለም" አለኝ።

"ምኑ?"

"አሃዙ። ለአስራ አራት እንዲካፈል የሚያደርገው አሃዝ የለም። ለሰባት እንዲሆን አምስት መጨመር አለበት፣ ለሁለት እንዲሆን ደግሞ አምስት አይሆንም። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ሞከርኩት፤ እሱም ሞከረው። ምንም ብትጨምር ቀሪ አለው። መንገዱ እዚያ ላይ ያልቃል።"

"እና ትመለሳለች?"

"ወይ ትመለሳለች" አለ፣ "ወይ ደጃፉ ላይ ቆማ ትቀራለች። እሱን ሒሳቡ አይነግረኝም።"

ከዚያ ያደረገውን ሳስታውሰው ዛሬም ይገርመኛል። የተሰበሰበውን ሰው "ይቅርታ" እያለ አልፎ ገባና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሁለት እጇን ያዘ። ተማሪ ፊት እንደቆመ፣ ሳይጮህ፣ ሳይቸኩል ይነግራት ጀመር። "አስኩ፣ አሁን አስራ አራተኛው ቤት ነሽ። ዜሮ ብትጨምሪ ሁለት ይተርፋል። አንድ ብትጨምሪ ሦስት ይተርፋል። ሁለት ብትጨምሪ አራት ይተርፋል።" እንዲህ እያለ፣ በየመሀሉ ትሰማው እንደሆነ እያየ፣ እስከ ዘጠኝ ሄደ። "ዘጠኝ ብትጨምሪ አስራ አንድ ይተርፋል። እኩል የሚያደርግሽ የለም። የያዝሽውን መልሺና ነይ።" ጨርሶ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። እኔ ሒሳብ እንደ ጸሎት ሲደገም የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስንት ጊዜ እንደደገመው አልቆጠርኩም። የቀትሩ ፀሐይ ከበሩ ተነስታ አልጋው እግር ድረስ ገብታ ነበር፣ እናቴም ከቤተክርስቲያን ተመልሳ ነበር፣ አስካለ ፊቷ ሳይንቀሳቀስ እንባዋ ወረደ።

ቆይታ፣ "ራበኝ" አለች።

አጥሚት ጠጥታ፣ እጇ ሞቆ፣ ትንሽ ስትበረታ ነው የነገረችን። አስራ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የያዘችውን ቢያካፍሉት ቢያካፍሉት እኩል አልሆንላቸው አለ። እስከዚያ ድረስ አንድም ሰው ተናግሮ አያውቅም። እዚያ ግን አንዲት ሴት ተነሳችና፣ "ቀሪ አለሽ፣ ተመለሺ" አለቻት። እናቴ "ቀሪ" የሚለውን በራሷ መንገድ ነው የተረጎመችው፤ የሚቀርላት፣ ወደኋላ የምትተወው ሰው አለ ማለት ነው አለች። ገመቹ የለም፣ ሒሳብ ነው አለ። ሁለቱ በዚህ ነገር ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩ ኖሩ።

ሠርጉ ከክረምቱ በኋላ ሆነ። ነጩን ሳቲን ወገቡን አጥብቤ ሰፋሁት፤ በጣም ከስታ ነበር። ገመቹ ወደ አርሲ ነገሌ ተዛወረ። እህል ገበያው አጠገብ ቤት ተከራይተው፣ የስንዴው ገለባ ጓሮ ድረስ እየገባባቸው ኖሩ። ስሄድ ልጆቹ ከፊሉን ኦሮምኛ ከፊሉን አማርኛ ቀላቅለው ይከቡኛል። በኋላ ባቱ ተመድቦ እዚህ ቀሩ። አስካለ ያን ቁጥር ዳግመኛ አፏ ላይ አላነሳችውም። እኛም አላነሳነውም። የቆርቆሮውን በር እናቴ ራሷ ቀባችው፤ አረንጓዴ።

ገመቹ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ እየበላን፣ ለብቻችን ሆነን አንድ ነገር ነገረኝ። ቁራዎቹ ለዓሣው አጥንት ሲሻሙ ያይ ነበር። "ጌቾ፣ ያ መንገድ አስራ ሦስት ላይ ያለቀው በዚያ ስለጀመረች ነው" አለኝ። "አሃዞቹ እንዳይደገሙ ካላልክ ሌላ አጀማመር አለ። አንድ የድሮ ተማሪዬ በኮምፒውተር አወጣልኝ። እስከ ሃያ አምስተኛው ድረስ የሚሄድ አለ፤ አንድ ብቻ። ከዚያ የሚረዝም የለም።"

"ቁጥሩ ስንት ነው?" አልኩት።

"አልነግርህም። እኔም ያየሁትን ወረቀት ቀድጄዋለሁ። በእሷ ፊትም እንዳታነሳው።" ዓሣውን ሳይጨርስ ተወው። "ግማሽ ሕይወቴን ስትተኛ አፏን ሳይ ነው የኖርኩት።"

አምና ሞተ። በሰላም፣ በልጆቹ መሀል ሞተ። አስካለ ጥቁር ለብሳ፣ ሰው እየተቀበለች፣ ብርቱ ሆና ዓመቱን አደረሰችው።

ረጪዎቹ ጨርሰው ሲሄዱ ግድግዳው እስኪደርቅ እንዳንገባ አዘዙን። እኔና እሷ ፓፓያው ሥር፣ በሶፋና በፍራሽ መሀል ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። ባጃጆቹ ውጭ ይጮሃሉ፤ ከአበባ እርሻ የሚመለሱ ልጃገረዶች በቡድን እየተሳሳቁ ያልፋሉ። አስካለ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና በዚያ በጠራው ድምፅ፣ "ሦስት፣ ስድስት፣ ዜሮ" አለች። ብርጭቆዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። "ስምንት፣ አምስት፣ ሁለት" አለች ቀጥላ። ከዚያ ቆመች። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። አልተጨነቀችም፣ አልገረጣችም። ጓደኛዋ እስኪደርስባት መንገድ ዳር ቆም ያለች ሴት ነው የመሰለችኝ።

"ስምንት" አልኩ።

አፌ ነው ያለው፤ እኔ አላሰብኩትም። ሒሳብ ከወገብ ልኬት አልፌ አላውቅም። እሷ ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ብርጭቆዋን መልሳ አነሳች። ወደ ጓሮ ዞር ብዬ ስልኬን አወጣሁ፤ ሰባቱን አሃዝ መትቼ ለሰባት አካፈልኩት። አምስት መቶ አስራ አምስት ሺህ ከአምስት መቶ አራት። ምንም አልተረፈም። ገመቹ የቀደደው ወረቀት ትዝ አለኝ።

ይህ ከሆነ ሳምንት አልፏል። ቤቱ ደርቆ፣ ዕቃው ገብቶ፣ ሽታው ለቋል። ጠዋት ጠዋት አብረን ሐይቁ ዳር ድረስ በእግራችን እንሄዳለን፤ ብዙም አንነጋገርም። እኔ የምበላው ቀንሷል፤ ሙቀቱ ነው እላለሁ። ልጆቼ ከአዳማ እየደወሉ መቼ እንደምመለስ ይጠይቁኛል። ነገ እላቸዋለሁ።